«ምን አገባህ?» ለሚሉኝ ምን ልበል?

ጥያቄ፦ ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሆቴል ደንገሉን (ውሃ ዳር የሚበቅለውን ረጅም ተክል) ነቅሎ አፈር ደፋበት። የኩሽናውንም የመጸዳጃውንም ፍሳሽ በቱቦ ወደ ጣና ይለቀዋል። ልክሰስ ስል «መሬቱ ያንተ አይደል፤ ምን አገባህ?» ይሉኛል። ይኼ «ዘላቂ ልማት» የሚባለው ነገር ከስብሰባ አዳራሽ ወጥቶ ፍርድ ቤት ይገባል?
(አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ያገባዎታል። ሰዎቹም ግን ከመሬት ተነስተው አልተናገሩም። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 33 በነገሩ ጥቅም የሌለውን ሰው ከሳሽ አያደርግም። አጥር ለፈረሰበት ሰው ይህ ይበቃል። ሐይቅ ሲበከል ግን ጉዳቱ ለሁሉም ተከፋፍሎ የማንም ይሆናል፤ ዘላቂ ልማት የሚያስብለት ያልተወለደ ልጅ ደግሞ ጠበቃ አያቆምም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘትን መብት ደነገገ፤ በሩን የከፈተው ግን የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ነው። በአንቀጽ 11 መሠረት ማንም ሰው፣ ጥቅሙን ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን በጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ላይ አቤት ይላል። «ሊጎዳ በሚችል» የምትለዋን ያስምሩባት፤ ዓሣው እስኪሞት አይጠበቅም።

ቀጥታ ፍርድ ቤት ከሄዱ ግን ይመልሱዎታል። መጀመሪያ ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ያመልክቱ። በሁለት ቅጂ ያዘጋጁና አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አስደርገው ቀንና ቁጥር ያስጽፉበት። በ30 ቀን ውሳኔ ካጡ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካዎት፣ ከዚያ በሚቆጠር 60 ቀን ውስጥ ክስ ይመሥርቱ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው፦ በቃል ይናገራል፣ «እናየዋለን» ይባላል፣ ቀኑን የሚያስረዳበት ወረቀት የለውም።

ውሃውን በሃይላንድ ቀድተው አይውሰዱ። «ከየት እንደቀዳው ማን ያውቃል?» ይባልብዎታል። ባለሙያዎቹ ከቱቦው አፍና ለንጽጽር ራቅ ካለ ቦታ ናሙና እንዲወስዱ በማመልከቻው ይጠይቁ። የእርስዎ ድርሻ ፍሳሹ የሚለቀቅበትን ሰዓት ለጥቂት ቀናት መመዝገብ ነው፤ ቱቦው ደርቆ ሳለ የመጣ ባለሙያ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ደንገሉን ለብቻው ያንሱት፤ ከፍሳሹ ጋር ከተደባለቀ ይረሳል። ደለል የሚያጣራው፣ እምቦጭ የሚወፍርበትን ናይትሮጅንና ፎስፈረስም የሚቀንሰው እሱ ነው። ግንባታው በአዋጅ ቁጥር 299/1995 የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ተደርጎለት እንደሆነ ይጠይቁ፤ ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት መሆን አለበት። ዳኝነት ሲጠይቁም ቅጣት ብቻ አይበሉ። የበከለ ያጽዳ፣ ወይም የማጽጃውን ወጪ ይክፈል የሚለው እዚያው አዋጅ 300 ውስጥ አለ።