እጅ ሥራ ላይ ሳለ

ውድ የአጭር ልቦለድ ጀማሪዎች፣

በአርታኢነት ባሳለፍኳቸው ዓመታት ከወጣቶች የደረሱኝ ረቂቆች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ጉድለት ነበረባቸው። ገጸ ባሕርያቱ በመጀመሪያው አንቀጽ «ሾፌር»፣ «ነርስ»፣ «ጸሐፊ» ተብለው ይተዋወቁና መሪ ሲጨብጡ ወይም መዝገብ ሲያገላብጡ ሳናያቸው፣ ስለ ፍቅራቸውና ስለ ቂማቸው ሲያወሩ ታሪኩ ያልቃል። እኔ እንደማምነው ግን ሁለት ሰዎች ምን ያህል እንደሚከባበሩ ወይም እንደሚጠላሉ የሚታወቀው አብረው ሲሠሩ ነው።

አየርላንዳዊው ደራሲ ጀምስ ጆይስ በ1914 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ደብሊናውያን» የተባለ የአጭር ልቦለድ መድብል ውስጥ ፋሪንግተን የሚባል፣ በሕግ ቢሮ ውስጥ ሰነድ በእጁ የሚገለብጥ ሠራተኛ አለ። የታሪኩ ርእስ «ካውንተርፓርትስ» (Counterparts) የአንድን ውል ተጓዳኝ ቅጂዎች የሚያመለክት የሕግ ቃል ነው። አለቃው ያዋረደው ይህ ሰው ውሉን ሲገለብጥ «በርናርድ ቦድሊ» ማለት ሲገባው «በርናርድ በርናርድ» ብሎ ይጽፍና በአዲስ ወረቀት እንደገና ለመጀመር ይገደዳል፤ ንዴቱን ከየትኛውም ገለጻ ይልቅ ያ የተደገመ ስም ያሳየናል። ተራኪው በቢሮው ውስጥ «ሰውዬው» እያለ ይጠራዋል፤ ሰዓቱን በ6 ሺሊንግ አስይዞ መጠጥ ቤት ሲገባ ግን ስሙን ያገኛል፣ ቤቱ ሲደርስ ደግሞ ተመልሶ «ሰውዬው» ይሆናል። እዚያም እሳቱ ጠፍቷል ብሎ ትንሽ ልጁን በዱላ ይደበድባል። ከአለቃው የተቀበለውን ውርደት ለልጁ ሲገለብጠው የርእሱ ትርጉም ይገለጣል፤ ደራሲው ግን ይህን በአንድም ዓረፍተ ነገር አያብራራውም።

የሩሲያዊው ደራሲ የቼኾቭም ልጁ የሞተበት ባለጋሪ ሐዘኑን የሚሰማው ተሳፋሪ አጥቶ በመጨረሻ ለፈረሱ ይነግራታል፤ የሥራ ባልደረባው እርሷ ናትና።

እኛ ደግሞ ብዙ ቋንቋዎች የሌላቸው መሣሪያ በግሳችን ውስጥ አለልን። በታሪኩ መጀመሪያ አለቃዋን «ይፈርሙልኝ» ስትል የነበረች ሠራተኛ በመጨረሻው ገጽ «ፈርምልኝ» ካለች፣ በመካከላቸው የሆነውን ለማስረዳት ሌላ አንቀጽ አያስፈልግም፤ መቀራረብ ይሁን ንቀት ግን ከምልልሱ ዙሪያ ካለው ሁኔታ መታወቅ አለበት። ሽማግሌውን ዘበኛ «አንተ» የሚል የባለቤቱ ልጅም እንዲሁ በአንድ ቃል ቤቱን ሁሉ ይነግረናል። አንቱታው የት ላይ እንደሚጀምርና እንደሚቋረጥ ሳታውቁ ምልልስ አትጻፉ። (አንዳንዶቻችሁ በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱንም በስሕተት ስትቀላቅሉ አይቻለሁ፤ ይህ ቴክኒክ አይባልም።)

እኔም ከስሕተት ነጻ አልነበርኩም። አንድ ጊዜ ስለ ሸማኔና ስለ ተለማማጁ የተጻፈ ታሪክ ቀርቦልኝ ነበር፤ ሁለቱ ተኳርፈው ሳሉ የልጁ ድር ይበጠሳል፣ ሽማግሌው ምንም ሳይናገር መወርወሪያውን አስቀምጦ ይነሣና ክሩን በሁለት ጣቱ እያሸ ይቀጥልለታል፣ ልጁም ጫፉን ይይዝለታል። ታሪኩን ያዘገያል ብዬ አንቀጹን ሰረዝኩትና በቦታው «በመጨረሻም ታረቁ» የሚል ዓረፍተ ነገር አስገባሁ። ደራሲው ወጣት ነበርና አልተከራከረኝም። መጽሔቱ ዛሬም መደርደሪያዬ ላይ አለ፤ ባገላበጥኩት ቁጥር ያንን ገጽ ሳላነበው አልፈዋለሁ።