ጭዱን ያልነካው ፈንገስ፦ ለወጣት የባዮኬሚስትሪ ተማሪዎች

ውድ ልጆቼ፣

በፈንገስ ኢንዛይሞች ላይ ምርምር ለመጀመር የምትዘጋጁ ሁሉ ይህን ደብዳቤ በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እለምናችኋለሁ፤ በወጣትነቴ ሁለት ዓመት የፈጀብኝን ስሕተት እናንተ እንድትደግሙት አልፈልግም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከበሰበሰ እንጨትና ከጤፍ ጭድ ክምር ሥር የሰበሰብኳቸውን ፈንገሶች የዕፅዋት አካል ዋና መገንቢያ የሆነውን ሴሉሎስን በማፍረስ ችሎታቸው ደረጃ እንዳወጣላቸው ሥራ ተሰጠኝ። በውኃ እንዲሟሟ ተደርጎ የተዘጋጀውን ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ አጋር ከተባለ የሚረጋ ጄል ጋር ቀላቅዬ በፔትሪ ዲሽ አፈሰስኩ፤ ፈንገሶቹን ዘራሁ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ኮንጎ ሬድ የሚባለውን ቀለም ጨምሬ በጨው ውኃ አጠብኩት። ሴሉሎሱ ሳይቆረጥ በቆየበት ቦታ ቀዩ ቀለም ይይዛል፤ በተቆራረጠበት ዙሪያ ግን የገረጣ ክብ ይወጣል። ክቡ የሰፋለትን አንደኛ፣ የጠበበበትን መጨረሻ ብዬ መዘገብኩ። አንደኛ ያልኩትን ፈንገስ በጭድ ላይ አሳድጌ ስንት ወር እንደጠበቅሁ ዛሬም አልረሳውም፤ ጭዱ ግን ያው ጭድ ነበር።

የሚያሳዝነኝ፣ መልሱ እኔ ላቦራቶሪ ከመግባቴ ከብዙ ዓመታት በፊት ታትሞ የነበረ መሆኑ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር ድንኳኖችና የጥጥ ዕቃዎች በደቡብ ፓስፊክ እርጥበት እየበሰበሱ ስላስቸገሩ፣ ጦሩ የመበስበሱን መንስኤ የሚያጠኑ ሳይንቲስቶችን አሰማራ። ከሰሎሞን ደሴቶች ከተገኙት ፈንገሶች አንዱ በኋላ ከእነዚሁ ሳይንቲስቶች በአንዱ በኤልዊን ሪስ ስም ትራይኮደርማ ሪሴይ ተባለ። ሪስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጡት ጽሑፍ፣ የሚሟሟውን ሴሉሎስ የሚቆርጡ ተሕዋስያን ብዙ ሲሆኑ ጥጥን ራሱን የሚያፈርሱት ግን ጥቂት መሆናቸውን አመለከቱ።

ልዩነቱ ከምን እንደመጣ የሚገባችሁ የኢንዛይሙን ቅርጽና የሚሠራበትን ቁስ ጎን ለጎን ስታዩ ነው። ስታርችም ሴሉሎስም ከግሉኮስ የተሠሩ ናቸው፤ ሆኖም በሴሉሎስ ውስጥ እያንዳንዱ ግሉኮስ ከጎረቤቱ አንጻር ተገልብጦ ስለሚያያዝ ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ ይዘረጋል፤ ብዙ ሰንሰለቶችም በሃይድሮጅን ትስስር ተጣብቀው ውኃ እንኳ በቀላሉ የማይገባበት ክሪስታል ይሆናሉ። እንግዲህ ኢንዛይሙ ከመቁረጡ በፊት አንዱን ሰንሰለት ከዚህ ድርድር መንቀል አለበት።

የትራይኮደርማ ሪሴይ ዋና ኢንዛይም የሆነው ሴል7ኤ ለዚህ የተበጀ ነው። በስዊድን የኡፕሳላ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1994 የቆራጭ ክፍሉን መዋቅር ሲያሳዩ፣ 5 ናኖሜትር ያህል ርዝመት ያለው ዋሻ ታየ። የሰንሰለቱ አንድ ጫፍ በዋሻው ይገባል፤ መውጫው አጠገብ ካሉት ግሉታሜት ከተባሉ ሁለት አሚኖ አሲዶች አንዱ ትስስሩን ያጠቃል፣ ሌላው ፕሮቶን ይሰጣል፤ ሁለት ግሉኮስ የተጣመረበት ሴሎባዮስ ይወጣል፤ ኢንዛይሙም ሰንሰለቱን ሳይለቅ ወደፊት አንድ ናኖሜትር ያህል ይራመዳል። ከዚህ ክፍል ጋር ስኳር በተሸከመ ተጣጣፊ አያያዥ የተገናኘ፣ 36 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት ትንሽ ክፍል አለ፤ በጠፍጣፋ ገጹ ላይ የተሰለፉት ታይሮሲን የተባሉ ሦስት አሚኖ አሲዶች በግሉኮስ ቀለበቶቹ ላይ ተኝተው ኢንዛይሙን ከክሪስታሉ ጋር ያጣብቁታል። ይህን መዋቅር በኮምፒውተር ላይ እያዟዟራችሁ ተመልከቱት፤ አንድ ሰዓት ብታጠፉበት የሚያስቆጭ አይደለም።

አሁን ወደ እኔ ሳሕን ተመለሱ። ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ በጎኑ የተጨመሩ ቡድኖች ስላሉት በጠባቡ ዋሻ ውስጥ እንደ ልብ አያልፍም። ኢንዶግሉካኔዞች የተባሉት ሌሎች ኢንዛይሞች ግን በዋሻ ፈንታ የተከፈተ ስንጥቅ ስላላቸው ሰንሰለቱን ከመካከሉ ይቆርጡታል። ስለዚህ የገረጣው ክብ የነገረኝ የኢንዶግሉካኔዞችን ብዛት ብቻ ነበር፤ ስለ ዋሻው ኢንዛይም ምንም አልነገረኝም። ጭዱ የሚፈርሰው ግን ሁለቱ ሲተጋገዙ ነው፦ አንዱ ከመካከል ቆርጦ አዲስ ጫፍ ይፈጥራል፣ ሌላው ከዚያ ጫፍ ይጀምራል። ሴል6ኤ የተባለው ሌላ ኢንዛይምም ከተቃራኒው ጫፍ ይነሣል። ሴሎባዮስ ሲጠራቀም ሴል7ኤን ስለሚያግደው ወደ ግሉኮስ የሚከፍለው ቤታ ግሉኮሲዴዝ ያስፈልጋል፤ ትራይኮደርማ ሪሴይ የሚያወጣው ይህ ኢንዛይም አነስተኛ በመሆኑ አስፐርጂለስ ከተባለ ሌላ ፈንገስ የተወሰደ የሚጨምሩ አሉ። በክሪስታሉ ገጽ ላይ በመዳብ አማካይነት ሰንሰለት የሚሰብሩት ኢንዛይሞችም ሥራቸው የታወቀው እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት የተጻፉ መጻሕፍትን ስታነቡ ይህን አስታውሱ።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው፦ ፈንገስ ስትመርጡ በሚሟሟ ሴሉሎስ ብቻ አትፍረዱ። የኢንዛይሙን ፈሳሽ ስትመዝኑ 1 በ6 ሴንቲሜትር ሆኖ የተቆረጠ፣ 50 ሚሊግራም የሚመዝን የማጣሪያ ወረቀት በ50 ዲግሪ ሴልሺየስ ለአንድ ሰዓት አቆዩበትና የወጣውን ስኳር ለኩ። ይህ ብዙ ላቦራቶሪዎች የሚጠቀሙበት መለኪያ ነው። ከዚያም በምትፈልጉት ጭድ ላይ ራሱ ሞክሩ፤ በጭድ ውስጥ ያለው ሊግኒን የተባለ ጠንካራ ቁስ ሰንሰለቱን ከኢንዛይሙ ስለሚጋርድ፣ በወረቀት ላይ የበረታ ኢንዛይም በጭድ ላይ ሊደክም ይችላል።

እኔም ዘግይቼ ይህንኑ አደረግሁ። ፈንገሶቹን ሁሉ እንደገና አውጥቼ፣ የማጣሪያ ወረቀት ቁራጭ በግማሽ በተነከረባቸው ቱቦዎች ውስጥ ዘራኋቸው። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት መደርደሪያውን ሳነሣ፣ በአንዱ ቱቦ ያለው ወረቀት ከፈሳሹ ገጽ ላይ ለሁለት ተቆርጦ ወደ ታች ወደቀ። መለያ ቁጥሩን ከመዝገቤ ጋር ሳስተያይ፣ ክቡ ጠባብ ነው ብዬ ከመጨረሻው ረድፍ ካስቀመጥኳቸው አንዱ ነበር።