በሊትር ስንት ትሄዳለች?

ባለፈው ስለ ጎማ ንፋስ ጽፌ ነበር። የመጣልኝ ጥያቄ ግን ከጎማው ይልቅ ወደ ቤንዚኑ አደላ። አይገርምም፤ ወረፋውና ዋጋው ሁላችንንም ቆጣሪ አድርጎናል። ዛሬ የተወሰኑትን እመልሳለሁ። ረጃጅሞቹን ደብዳቤዎች አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ስምም አላወጣሁም።

«ቪትዝ ገዛሁ። ደላላው በሊትር ከሃያ ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች ብሎ ምሎልኝ ነበር። እኔ ግን ከ13 አልዘለልኩም። መኪናዋ ታማለች ወይስ ተሸወድኩ?» መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ

ምናልባት ሁለቱም አይደለም። ደላላው ቁጥሩን ከኪሱ አላወጣውም። የጃፓን መኪኖች ለብዙ ዓመታት የሚፈተኑት «10-15 ሞድ» በሚባል መለኪያ ነበር። ፈተናው መንገድ ላይ አይደረግም። መኪናዋ አዳራሽ ውስጥ በሚሽከረከር ሮለር ላይ ቆማ ነው የምትለካው። ጠቅላላው 660 ሴኮንድ፣ ማለትም 11 ደቂቃ ነው። ርቀቱ 4.16 ኪሎ ሜትር፣ ትልቁ ፍጥነት 70 ነው። ሞተሩ አስቀድሞ ሞቋል። ዳገት የለም፣ ኮረኮንች የለም፣ ፊትህ ድንገት የሚቆም ባጃጅም የለም። ጃፓኖቹ ራሳቸው በኋላ በሌላ ፈተና ቀይረውታል። አውሮፓም የድሮውን መለኪያ ትታ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጠንከር ወዳለው ዞራለች። የወረቀቱ ቁጥር አንዷን መኪና ከሌላዋ ለማወዳደር ይጠቅማል። ማርቆስ ውስጥ አገኘዋለሁ ብለህ ግን አትጠብቅ።

አሁን ወደ 13ህ እንምጣ። እንዴት አገኘኸው? ጌጁን አይተህ ከሆነ ተወው። የጌጁ ግማሽ ሁልጊዜ የታንኩ ግማሽ አይደለም። «በዚህን ያህል ብር ቀድቼ እዚህ ደረስኩ» የሚለውም አያስኬድም። ሙሉ ሙላ። ማሽኑ ራሱ ቀጥ ሲል ይብቃህ፤ ቀጂው «ትንሽ ልጨምርልህ» ቢል እሺ አትበል። ኪሎ ሜትሩን ጻፍ። እንደ ልማድህ ንዳ። ከዚያ እዚያው ማደያ፣ ከተቻለ እዚያው ማሽን ላይ፣ እንደገና ሙላ። አሁን የገባው ሊትር በመሃል የበላችው ነው። 412 ኪሎ ሜትር ሄደህ 31 ሊትር ከገባ፣ 412ን ለ31 አካፍል፤ 13.3 ይመጣል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በመቶ ኪሎ ሜትር 7.5 ሊትር መሆኑ ነው።

«ሙሉ ማን ይቀዳልኛል?» ትለኝ ይሆናል። እውነትህን ነው። ግን በመሃል በቁራጭ የቀዳኸውን ሁሉ ከደመርክ፣ መጀመሪያውና መጨረሻው ብቻ ሙሉ ቢሆን ይበቃል። ሦስት አራት ጊዜ ድገመው፤ የአንድ ጊዜ ልኬት ይዋሻል። እኔ ለዚህ የምይዛትን ደብተር ባለቤቴ «የቤንዚን ዳዊት» ትላታለች። ጠዋት ጠዋት ስለምደግማት ነው።

በብርድ ተነስቶ ከተማ ውስጥ ለሚዞር ሰው 13 የታመመች መኪና ቁጥር አይመስለኝም። ወደ ፍኖተ ሰላም ደርሰህ ተመለስና በዚያ መንገድ ብቻ ለካት። ያኔም ካልተሻላት ካንዴላዋንና የአየር ፊልትሮዋን አሳይ።

«ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ስንወርድ ባለቤቴ ማርሹን ኒውትራል ያደርገዋል። ቤንዚን በነፃ ይላል። እኔ እስከ ድልድዩ ልቤ ተሰቅሎ ነው የምደርስ። ማን ነው ልክ?» የሁለት ልጆች እናት፣ ከደጀን

አንቺ ነሽ። ለነፍሳችሁም፣ ለቤንዚኑም።

ኢንጀክሽን በሆነች፣ ማለትም ቤንዚኑን በኮምፒውተር እየመጠነች በምትረጭ መኪና፣ ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ይዘጋዋል። ሞተሩን የሚያዞረው በዚያ ሰዓት ጎማው ነው። ቁልቁለቱን በዜሮ ቤንዚን ትወርጃለሽ ማለት ነው። ኒውትራል ሲሆን ግን ሞተሩን ጎማው አያዞረውም፤ እንዳይጠፋ በሚኒሞ መሥራት አለበት። ስለዚህ ይበላል። ትንሽ ነው፣ ግን ይበላል። ቆጠብኩ የሚለው ባልሽ እያወጣ ነው።

የባሰው ፍሬኑ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,300 ሜትር በላይ ነው የሚወረደው። ያንን ሁሉ በፍሬን ብቻ ሲይዘው ሸራው ይግላል፣ ዘይቱ ሊፈላ ይችላል፣ ፔዳሉም እስከ ወለሉ ይሰምጣል። በዚያ መንገድ ላይ ፍሬን እምቢ ያለው አይሱዙ ምን እንደሚሆን ደጀን ለሚኖር ሰው አልነግርም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል እንዲህ ነው። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ይውረድ። አውቶማቲክ ከሆነች ዝቅተኛውን ማርሽ ይያዝ። ካርቡራቶር (ያለ ኮምፒውተር ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ያላት አሮጌ መኪና ቤንዚኑን እንዲህ አትዘጋ ይሆናል፤ እሷም ብትሆን ግን ማርሽ ውስጥ ትውረድ።

«ዳገቱ የበላውን ቁልቁለቱ ይመልሰዋል ወይ?» ላልሽው፣ ጥቂቱን ብቻ። ከነሰዎቿ 1,200 ኪሎ የምትመዝን መኪና ከድልድዩ እስከ ደጀን ስትወጣ፣ ክብደቷን ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ ሁለት ሊትር ገደማ ቤንዚን ይሄዳል። ጎማውና ነፋሱ የሚወስዱት ደግሞ በዚያ ላይ ይደመራል። ስለዚህ በዚያች ሃያ ኪሎ ሜትር በሊትር ስድስት ሰባት ብቻ ብትሄድ አትደንግጪ። ስትወርዱ ያ ሁሉ ጉልበት በፍሬንና በሞተር ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። የኤሌክትሪክ መኪና ብቻ ነው ቁልቁለቱን ባትሪው ውስጥ መልሶ የሚከተው፤ ሃይብሪድም በመጠኑ። ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ፣ ልጆችሽ ሲነዱ ምናልባት ዓባይ በረሃ ቻርጅ የሚደረግበት ቦታ ይሆን ይሆናል።

«ጡረታ ወጥቼ ከባሕር ዳር ወደ ማርቆስ ገባሁ። አሮጊቷ ኮሮላዬ ባሕር ዳር ደህና ነበረች። እዚህ ግን ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች፣ ካንዴላዋም ይጠቁራል።»

አባቴ፣ እርስዎ ወደ ደጋ ሲወጡ ካርቡራቶሩ አልሰማም። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ማርቆስ 2,450 ገደማ። ከፍ ባሉ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ማርቆስ ላይ ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር ሩብ ያህሉ የለም። ካርቡራቶር ደግሞ አየሩ ቢሳሳም ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። አየር ያነሰው፣ ቤንዚን የበዛበት ይሆናል። ሳይቃጠል የቀረው ነው የሚሸትዎትና ካንዴላውን የሚያጠቁረው። አስቀድመው የአየር ፊልትሮውን ያስነፉ፤ ርካሹ እሱ ነው። ከዚያ ካርቡራቶር የሚያውቅ ሰው ያስተካክልልዎት። ድሮ የሠሩት ሰዎች ዛሬም በየከተማው አንድ ሁለት አይጠፉም።

ኢንጀክሽን መኪና ያላችሁ ይህ አይመለከታችሁም። ሴንሰሩ አየሩን እያየ ቤንዚኑን ይመጥነዋል። ደጋ ላይ ጉልበቷ ይቀንሳል እንጂ የግድ አብዝታ አትበላም። «ደጋ ነዳጅ ይበላል» የሚባለው አብዛኛው የዳገቱ ሥራ ነው።

«ለኮረኮንቹ ብዬ 175/65 የነበረውን ባለ 14 ጎማ በ185/70 ቀየርኩት። በሊትር 15 የምትሄደው መኪና ወደ 14.2 ወረደች።» ከሞጣ

ይህን ጥያቄ ወደድኩት። መኪናህ ላትወርድ ትችላለች፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ነው የተሳሳተው። የድሮው ጎማ ቁመት 583 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፣ የአሁኑ 615 ገደማ። ትልቁ ጎማ በአንድ ዙር አምስት በመቶ ያህል የበለጠ ይሄዳል። ቆጣሪው ግን ዙር ነው የሚቆጥረው። 380 ሲልህ 400 ሄደሃል። 14.2ን በዚያ አስተካክላት፤ ወደ 15ህ ትመለሳለች። ፍጥነትህንም እንዲሁ አሳንሶ ስለሚነግርህ ትራፊክ ፊት ተጠንቀቅ።

«ከቢቸና ወደ አዲስ አበባ ጤፍ ስጭን ምን ያህል ቤንዚን ይጨምርብኛል?»

አንድ ኩንታል ጤፍ ውስጥ ከጫንሽው ከቁም ነገር አትቁጠሪው። የዓባይን ዳገት ለማስወጣት የሚወስደው ሩብ ሊትር እንኳ አይሞላም። ፖርቶ መጋላ ላይ ስትጭኚው ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ያኔ የሚበላው ክብደቱ ሳይሆን ነፋሱ ነው። መኪናዋ በፈጠነች ቁጥር አየሩ አብዝቶ ይገፋል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ ነው። ለጥ ባለው ሜዳ በሰማንያ ስትበሪ ጣራሽ ላይ የተከመረው ጭነት ከአሥር በመቶ በላይ ሊወስድብሽ ይችላል። ጤፉ ወርዶ ባዶው ብረት ከፋሲካ እስከ መስቀል ጣራው ላይ የሚከርም ከሆነ ደግሞ እሱም በነፃ አይቀመጥም። አውርጂው።

«ከባሕር ዳር አዲስ አበባ፣ በቡሬ ወይስ በሞጣ?»

በሞጣ ከስድሳ ኪሎ ሜትር በላይ ያጥራል። በሊትር የምትሄደው ትንሽ ቢያንስ እንኳ ጠቅላላ የምትቀዳው ሊትር ያንሳል፤ የሚከፈለውም ለሊትሩ ነው። ደጀን ላይ ሁለቱም ይገናኛሉ፣ ከዓባይ ማንም አያመልጥም። ከመነሳትህ በፊት ግን የዕለቱን መንገድ ሁኔታ ሾፌሮቹን ጠይቅ።

«ባሕር ዳር ሙቀቱ አይቻልም። ኤሲ ወይስ መስኮት?»

ከተማ ውስጥ መስኮት። አስፋልቱን ይዘህ ወደ ዳንግላ ስትወጣ መስኮቱን ዝጋና ኤሲውን ክፈት።

«ማደያ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ እገዛለሁ። ከዚያ ወዲህ ዳገት ላይ ሞተሩ ይንኳኳል።»

የሃይላንዱ ሁለት ሊትር ሁለት ሊትር መሆኑን ማን ለካልህ? ሒሳብህ የሚበላሸው እዚያ ይጀምራል። መንኳኳቱ ግን ከገንዘብ በላይ ነው፤ ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል። እኔም አንድ ጊዜ ገዝቼ ፓምፑን አስቀይሬያለሁ። ቀሪውን አስወጣው። እስኪወጣም ዳገት ላይ አታስጨንቃት፤ ማርሽ ቀንስላት።

«ትምህርት ቤቱ ከቤቴ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። ልጆቹን ሳደርስ ብቻ ነው የምነዳት፣ ግን በሊትር ዘጠኝ እንኳን አትሞላም።» ከፍኖተ ሰላም

መኪናዋ ጤነኛ ናት፤ ሞተሩ ሳይሞቅ ነው የምታጠፊው። ቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን አብዝቶ ነው የሚቀዳው፣ ዘይቱም ወፍራም ነው። በደንብ እስኪሞቅ ብዙ ኪሎ ሜትር ይፈልጋል፣ አንቺ ደግሞ አንድ ተኩል ላይ ታቆሚያለሽ። ቆመሽ ማሞቁም አያዋጣም፤ ያው ቤንዚን ነው። ገበያውንም፣ ወፍጮ ቤቱንም በዚያው ዙር አያይዢው። ልጆቹ አሥር ዓመት ካለፋቸው ደግሞ በእግር ይድረሱ። ይህን ያልኩት እኔ መሆኔን ግን አትንገሪያቸው።