ጦርነቱ ከመታወጁ በፊት፦ የስቴላሪስ ተጫዋቾች ጥያቄና መልስ

ቅዳሜ ዕለት ቱሉ ዲምቱ ላይ መብራት ጠፍቶ በጠፈር ግዛት የምንመራበት የኮምፒውተር ጨዋታችን ስቴላሪስ ከመሃል ስለተቋረጠ፣ አባላት በእንጥልጥል የቀረባቸውን ጥያቄ ሁሉ እንዲጽፉልኝ ተስማምተን ተለያይተናል። የምመልሰው ስለ ስቴላሪስ ብቻ ነው። የምትጫወቱበትን ስሪት ቁጥር ከጥያቄያችሁ ጋር መጻፍን አደራ እላለሁ፤ በ2016 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የወጣው ጨዋታና ዛሬ የምንጫወተው ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ሥርዓታቸው የተለያየ ነው።

ከሰበታ፦ ጋሼ፣ ጎረቤቴ ጦርነት ሲያውጅብኝ አሎይ (መርከብ የሚሠራበት ቅይጥ ብረት) አልነበረኝም። ማዕድኔን ሸጬ አሎይ ከገበያ ገዛሁ፤ ነገር ግን መርከቦቹ ተሠርተው ሳያልቁ ዋናው ፕላኔቴ ተያዘ። የተሳሳትኩት የቱ ላይ ነው? ስሪቱ 4.0 ነው።

መልስ፦ ስሪቱን ስለጻፍክ አመሰግናለሁ። የተሳሳትከው ጦርነቱ ከመታወጁ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ሂሳቡን አብረን እንሥራው። በገበያው መነሻ ዋጋ፣ በጨዋታው መግዣ ገንዘብ፣ አንድ ማዕድን 1፣ አንድ አሎይ ደግሞ 4 ነው፤ ገበያው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስትገዛም ስትሸጥም 30 በመቶ ኮሚሽን ይቆርጥብሃል። ስለዚህ 200 ማዕድን ሸጠህ በእጅህ የሚገባው 140 ሲሆን፣ 100 አሎይ ለመግዛት የምትከፍለው 520 ነው። ያንኑ 200 ማዕድን አሎይ ለሚያቀልጡት ሠራተኞችህ ብትሰጣቸው ኖሮ፣ በመሠረታዊው ስሌት 6 ማዕድን 3 አሎይ ስለሚወጣው፣ 100 አሎይ ያስረክቡህ ነበር። ማዕድን ባይኖርህና 200ውን ከገበያ ብትገዛው እንኳ የሚያስወጣህ 260 ነው፤ የሠራተኞቹን ቀለብ ብትጨምርበትም አሎዩን በቀጥታ ከመግዛት እጅግ ይረክሳል።

ይህም ዋጋው ባለበት ቢቆም ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ በገዛህ ቁጥር ዋጋው ይወጣል፣ በአንድ ጊዜ ብዙ በሸጥክ ቁጥር ደግሞ ይወርዳል፤ አንተ ሁለቱንም በአንድ ቀን አደረግሃቸው። በበዓል ዋዜማ ማታ በግ ተራ የሄደ አባወራ የሚገጥመውን ታውቃለህ። የሚጎድልህ ነገር ካለ በየወሩ ጥቂት ጥቂት የሚገዛ ቋሚ ትእዛዝ ስጥ፤ ዋጋው በመካከሉ ወደ ቦታው ይመለሳል። የአሎይ ማቅለጫህን ግን ጎረቤትህ ገና ፈገግ እያለልህ ሳለ ጀምር።

ከለገጣፎ፦ ንግድ እንዴት ነው የሚሠራው?

መልስ፦ በየትኛው ስሪት?

ከለገጣፎ፦ በአዲሱ።

መልስ፦ «አዲሱ» ቁጥር አይደለም። 4.0 ነው ብዬ ልቀጥል። በታኅሣሥ 2018 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከወጣው 2.2 ጀምሮ የንግድ ዋጋ በጠፈር ጣቢያዎች ተሰብስቦ በመስመር ወደ ዋና ከተማ ይሄድ ነበር፤ መስመሩን ካልጠበቅህ የባሕር ወንበዴ ይነሣብሃል። በግንቦት 2025 የወጣው 4.0 መስመሩንም ወንበዴውንም አስቀርቶ፣ ንግድን እንደ ማዕድንና እንደ ምግብ የሚከማች ሀብት አደረገው። በገበያ የምትገዛውም ዛሬ ድሮ መግዣ በነበረው ኢነርጂ ሳይሆን በዚሁ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ራሱን ያልቻለ ፕላኔት ከሌላ ቦታ ለሚጫንለት እህልና ዕቃ ማጓጓዣ የሚከፈለው፣ ከጣቢያው ርቆ የሚዘምት የጦር መርከብም የሚበላው ይህንኑ ሀብት ነው። በዚህ ምክንያት በሩቅ የሚካሄድ ረጅም ጦርነት ሳታውቀው የመግዣ ገንዘብህን ይጨርሰዋል፤ ብዙዎቻችሁ መርከብ ስትቆጥሩ ይህን አትቆጥሩም።

ከቡራዩ፦ ይህ እኮ የአድዋ ነገር ነው። የምኒልክ ሠራዊት ስንቁ ሊያልቅ ተቃርቦ ሳለ ነው የካቲት 23 ቀን 1888 ጠላት ራሱ የመጣለት።

ከሱሉልታ፦ ስንቅ ብቻውን አልወሰነውም። የጣሊያኑ ጄኔራል የአልቤርቶኔ ጦር ከሌሎቹ ተነጥሎ ባይቀድም ኖሮ ውጊያው ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

ከቡራዩ፦ የጣሊያኖቹ አዛዥ የባራቲዬሪ ስንቅስ ሞልቶ ነበር? ወደ ኋላ ሊመለስ ያሰበው ለምን ሆነና?

መልስ፦ ሁለታችሁም ያላችሁት እውነት ነው፤ ክርክሩን ግን ለቡና ሰዓት አቆዩልኝ። መነጣጠልን በሚመለከት የተነሣው ነጥብ ለእኛም ይሠራል፦ ኃይላችሁን ሦስት ቦታ ከፍላችሁ ሦስት ድንበር ከመጠበቅ፣ በአንድ አቆይታችሁ ጠላት በግድ የሚያልፍበትን ሥርዓተ ፀሐይ በጣቢያ ማጠር ይሻላል። በየካቲት 2018 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከወጣው 2.0 ወዲህ መርከብ የሚሄደው በሃይፐርሌን፣ ማለትም ከዋክብትን በሚያገናኝ ቋሚ መስመር፣ ነውና እንዲህ ያለ መተላለፊያ አይጠፋም። ከዚህ ሰፈር የምንኖር ሰዎች በአንድ አደባባይ ስንት አይሱዙ ሊታገድ እንደሚችል ማስረዳት አያስፈልገንም።

ከኮዬ ፈጬ፦ የትኛው መርከብ ይሻላል?

መልስ፦ ከማን ጋር ለመዋጋት? እንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ የለውም፣ እህቴ። የጠላትሽን መርከብ ከፍተሽ የለበሰውን እዪ። ሺልድ (የኃይል ጋሻ) ካበዛ ጥይት ተኳሽ የሆኑት ኪነቲክ መሣሪያዎች ያደቁታል፤ አርመር (የብረት ጥሩር) ካበዛ ሌዘር። ሚሳይል ሺልድን አልፎ ይመታል፤ ጠላት ፖይንት ዲፌንስ (ሚሳይል መትቶ የሚጥል መሣሪያ) ከደረደረ ግን በመንገድ ያስቀርብሻል። የመርከብ አቅም ጣሪያሽንም አትለፊ፦ ከትንሹ መርከብ እስከ ትልቁ ኮርቬት 1፣ ዲስትሮየር 2፣ ክሩዘር 4፣ ባትልሺፕ 8 ይይዛል፤ ጣሪያው ሲታለፍ የሁሉም መርከቦችሽ ወጪ ይጨምራል።

ከገላን፦ አሎይ ከገበያ መግዛት ያዋጣል?

መልስ፦ ከላይ 520 የሚለውን ቁጥር ፈልገህ አንብብ።

ከለገዳዲ፦ በ3.12 እየተጫወትኩ ነው። ገና በመጀመሪያዎቹ 30 ዓመታት ያገኘሁትን ሁሉ ያዝኩ፤ አሁን ምርምሬ ተጎተተ።

መልስ፦ የግዛትህ መጠን 100ን ካለፈ የምርምርና የትራዲሽን (ለግዛትህ የምትመርጣቸው ቋሚ ጥቅሞች) ዋጋ እየጨመረ ይሄዳል። ይህ ማለት አትስፋፋ ማለት አይደለም፤ ለእያንዳንዱ አዲስ ጣቢያ የምታወጣው 100 አሎይና ኢንፍሉዌንስ (የተሰሚነት ነጥብ) የሚያመጣውን ነገር ጠይቅ ማለት ነው። ባዶ ሥርዓተ ፀሐይን ካርታው እንዲያምር ብለህ አትያዝ። መተላለፊያ ከሆነ ግን ባዶም ቢሆን ያዘው። ኢንፍሉዌንስህን በጣቢያ ከጨረስክ የይገባኛል ጥያቄ የምታቀርብበት ያንስሃል፤ ያለ ይገባኛል ጥያቄ ደግሞ በተለመደው የወረራ ጦርነት መሬት አይገኝም።

ከለገዳዲ፦ ሁሉንም ብይዝ እንኳን?

መልስ፦ ብትይዝም። የጦርነት ድካምህ 100 በመቶ ደርሶ 24 ወር ካለፈ ተቃዋሚህ ባለበት ይቁም የሚለውን ሰላም በግድ ሊያስፈርምህ ይችላል፤ ያኔ የሚጸናልህ አስቀድመህ ይገባኛል ብለህ የያዝከው ብቻ ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ አሥራ አንድ ሥርዓተ ፀሐይ ይዤ ሁለት ብቻ ቀርቶልኛል፤ ሳምንት ሙሉ ጨዋታውን አልከፈትኩም።

ከቃሊቲ፦ አይረንማን (ወደ ቀድሞ ሴቭ መመለስ የማይቻልበትን ዓይነት) ስጫወት መብራት ቢጠፋስ?

መልስ፦ ይህ የመብራት ጥያቄ ነው።

ከሱሉልታ፦ ዎርምሆል ጣቢያ (መርከብን ያለ መስመር ወደ ሩቅ ኮከብ የሚያሻግር) የነበረበት የድሮው ጨዋታ ይሻል ነበር።

መልስ፦ ይሻል ይሆናል። የለም።

ከሰበታ፦ ጋሼ፣ በጨዋታው ዘመን 2226 ላይ ያስቀመጥኩት ሴቭ አለኝ። ከዚያ ልጀምር ወይስ እንደ አዲስ?

መልስ፦ ከዚያው ጀምር፤ ጎረቤትህ በዚያን ጊዜ ገና አልታጠቀም። ቅዳሜ ሴቩን በፍላሽ ይዘህልኝ ና። የገበያውን ገጽ አንነካውም፤ በቅድሚያ የፕላኔቶችህን ዝርዝር ከፍተን ስንት ሰው አሎይ እያቀለጠ እንደሆነ እንቆጥራለን።