ስለ ሻላ ጠይቁኝ፦ የነጎድጓዱ አምላክ ሚስት

ስለ ሱመሯ እንስት አምላክ ስለ ኢናና ስንጫወት ብዙዎቻችሁ ሻላን አነሣችሁ። ዛሬ በሩ ክፍት ነው፤ ጠይቁ። ሁለት ነገር ግን ከወዲሁ ያዙልኝ። ሻላ ሌላ፣ ሻላሽ ሌላ። ደግሞም ማኅተም ላይ ራቁቷን የቆመች ሴት ሁሉ ሻላ አይደለችም።

ጥያቄ፦ መምህር፣ እኔ ጀማሪ ነኝ። ባጭሩ ሻላ ማን ናት?

መልስ፦ በጥንቷ ሜሶጶጣሚያ፣ በዛሬዋ ኢራቅ አካባቢ፣ ትመለክ የነበረች የአዳድ ሚስት ናት። አዳድ የዝናብ፣ የነጎድጓድና የመብረቅ አምላክ ነው። ሱመሮች ኢሽኩር ይሉታል፤ ሚስቱንም ሜዲምሻ። በኋላ የአማልክት ዝርዝር ያዘጋጁ ጸሐፍት ሜዲምሻንና ሻላን አንድ አድርገው ቆጠሯቸው። የሻላ ምልክት የገብስ ዛላ ነው።

ጥያቄ፦ ታሪኳን ይንገሩን እስቲ። ከማን ተጣላች? ምን አደረገች?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ታሪክ የላትም። ኢናና ወደ ሙታን አገር ወርዳለች፣ የባቢሎኑ አምላክ ማርዱክ የባሕሯን አምላክ ቲያማትን ገድሏል፤ ሻላ ግን እሷን ዋና ባለታሪክ ያደረገ ተረት አልደረሰንም። የምናገኛት በማኅተሞች፣ በድንበር ድንጋዮች፣ በአማልክት ዝርዝሮች፣ በነገሥታት ጽሑፎችና በከዋክብት ጽላቶች ላይ ነው። ክፍተቱን በፈጠራ የሚሞላ ሰው ስታዩ ተጠንቀቁ።

ጥያቄ፦ ቪዲዮ ላይ «ሻላ ባለቀሰች ጊዜ የጥፋት ውኃ ወረደ» ሲሉ ሰማሁ።

መልስ፦ ይኸው! አሁን ያልኩት ነው። የጥፋት ውኃው ታሪክ ያለበትን፣ የጥንቱን የጊልጋሜሽ ተረት 11ኛ ጽላት አንብቡ። ገና ሲነጋ ከሰማዩ ጥግ ጥቁር ደመና ይነሣል። አዳድ በውስጡ ያጓራል። ሹላትና ሐኒሽ የተባሉ አማልክት ከፊቱ ይሄዳሉ። ምጥ እንደያዛት ሴት የምትጮኸው ኢሽታር (ያቺው ኢናና) ናት፤ ሰዎቼ እንደ ዓሣ ባሕሩን ሞሉት ብላ። ሻላ እዚያ የለችም። ተራኪው ሊያስገባት አልፈለገም፣ እኛም አናስገባት።

ጥያቄ፦ ሻላ ሐይቅ ከእሷ ጋር ይገናኛል?

መልስ፦ አይገናኝም። ቀጣይ።

ሌላ አባል፦ መምህር ቶሎ ባይዘጉት ጥሩ ነበር። የጥንት ሕዝቦች በቀይ ባሕር ይገበያዩ እንደነበር ይታወቃል። ስም አብሮ ሊጓዝ ይችላል።

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ ሁለት ፊደል ስለገጠመ ታሪክ አይሠራም። ጽሑፍ አለ? ቁፋሮ አለ?

ሌላ አባል፦ «ቁፋሮ አለ?» የሚባለው እኮ የእኛ ነገር ሲነሣ ብቻ ነው።

መልስ፦ እባካችሁ። ማስረጃ የያዘ ያምጣ፣ ያልያዘ ይተወው። የጠራሁት ስለ ጤግሮስና ኤፍራጥስ አገር ለመነጋገር ነው።

ጥያቄ፦ ዝናብን የሚያህል ነገር በእጃቸው ሆኖ እሷም ባሏም ለምን ከታላላቆቹ አማልክት ከኤንሊልና ከማርዱክ በታች ሆኑ?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ የእኛን ክረምት እርሱት። በሜሶጶጣሚያ በጋው ደረቅ ነው፤ ዝናብ የሚጥለው በብርዱ ወቅት ነው፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ገደማ። ደቡቡ፣ እነ ዑርና ባቢሎን ያሉበት፣ በዓመት 200 ሚሊ ሜትር እንኳ አያገኝም። በዚያ ዝናብ ገብስ አይበቅልም። ገበሬው የሚኖረው በቦይ ነው። ወንዞቹ ደግሞ የሚሞሉት በሰሜን ተራሮች በረዶ ሲቀልጥ በጸደይ ነው፤ ሰብሉ ደርሶ ማጭድ በሚጠብቅበት ሰዓት። ስለዚህ በዚህ አገር ውኃ ሲጠፋም ያስጨንቃል፣ ያለ ጊዜው ሲመጣም ያስጨንቃል። ወደ ሰሜን፣ ወደ አሦር ስትወጡ ነገሩ ይለወጣል። እዚያ በዝናብ ይታረሳል። በአሦር ከተማ አዳድ ከሰማዩ አምላክ ከአኑ ጋር ባለ ሁለት ግንብ ቤተ መቅደስ ነበረው። የአዳድና የሻላ ክብር እንደየአገሩ ዝናብ ከፍ ዝቅ ይላል።

የባቢሎኑን ንጉሥ የሐሙራቢን ሕግ መደምደሚያ ተመልከቱ። ሕጌን የሚሽር ይረገም እያለ አማልክቱን በየተራ ሲጠራ አዳድን «የሰማይና የምድር የውኃ አባት» ይለዋል። አዎ፣ በመስኖ አገር ተራ አድሎ ውኃ የሚያከፋፍለው ሹም ማለት ነው። ከዚያም ዝናብን ከሰማይ፣ ጎርፍን ከምንጭ ይንሣው ይላል። ይህን ሰው ከሚያስርብ እርግማን ጎን የሻላን የገብስ ዛላ አስቀምጡ። ባልየው ውኃውን ይለቃል ወይም ይይዛል፤ ከእሱ የሚገኘው እህል በእሷ ምልክት ላይ አለ። በረዶና መብረቅ ማሳ እንደሚያጠፋም ገበሬው ያውቃል። ሁለቱን አብሮ የሚለማመናቸው ለዚህ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ሻላ የዳጎን ሚስት ናት የሚል አንብቤያለሁ።

መልስ፦ መግቢያው ላይ ያልኩትን አንብቡ። የዳጋን (በመጽሐፍ ቅዱስ ዳጎን የምንለው) ሚስት ሻላሽ ናት፤ የሶርያ አምላክ ናት። ስማቸው ስለተቀራረበ የጥንት ጸሐፍትም አንዳንዴ ቀላቅለዋቸዋል። እኛ አንቀላቅል።

ጥያቄ፦ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ባሏ አለ?

መልስ፦ አለ። 2ኛ ነገሥት 5 ላይ ሶርያዊው ንዕማን ከለምጹ ከነጻ በኋላ ኤልሳዕን አንድ ይቅርታ ይለምናል፤ ጌታዬ ክንዴን ተደግፎ በሬሞን ቤት ሲሰግድ እኔም እሰግዳለሁና ይቅር ይበለኝ ብሎ። ሬሞን የዚሁ የነጎድጓድ አምላክ መጠሪያ ነው፤ በሶርያ ሐዳድ ይባላል። ሻላ ግን አልተጠቀሰችም።

ጥያቄ፦ ማኅተሞቹን በዝርዝር ያስረዱን።

መልስ፦ ደስ ይለኛል። ኒው ዮርክ በሞርጋን ቤተ መጻሕፍት ከአካድ ዘመን የተረፈ አንድ ተንከባላይ ማኅተም አለ፤ ከ4,000 ዓመት በላይ ሆኖታል። ትንሽ ነገር ነው፣ በሁለት ጣት የሚያዝ። እርጥብ ጭቃ ላይ ስታንከባልሉት እንዲህ ያለ ሥዕል ይወጣል። አምላኩ ጅራፍ ይዞ ሠረገላ ላይ ቆሟል። ሠረገላውን የሚጎትተው ክንፍ ያለው አንበሳ መሰል አውሬ ነው፤ ከአፉ የሆነ ነገር ይተፋል። በሁለቱ ክንፎች መካከል አውሬው ጀርባ ላይ አንዲት ራቁቷን የሆነች እንስት አምላክ ቆማለች። በእጆቿ የተጠማዘዙ መስመሮችን በእቅፍ ይዛለች፤ ዝናብ ነው የሚሉ አሉ፣ መብረቅ ነው የሚሉም አሉ። ከፊታቸው አንድ ሰው መሠዊያ ላይ መጠጥ ያፈሳል።

እኔ ዝናብ ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። መስመሮቹ ተዘናፍለው ወደ ታች ይወርዳሉ፤ የመብረቁ መንታ ሹካ በኋለኞቹ ማኅተሞች ላይ በአዳድ እጅ ስናየው ቅርጹ ሌላ ነው። በእነዚያ ማኅተሞች እሱ የሚቆመውም በበሬ ላይ ነው። ግን ልብ በሉ፤ የሞርጋኑ ማኅተም ላይ የአምላኳ ስም አልተቀረጸም። ሻላ የምንላት ከነጎድጓዱ አምላክ ጋር ስለቆመች ነው። ብቻዋን የቆመች፣ አውሬም ዝናብም የሌላት ራቁት ሴት ፎቶ ልካችሁ «ሻላ ናት?» አትበሉኝ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ይቺስ? *(ብቻዋን የቆመች ራቁት ሴት የሸክላ ምስል ፎቶ)*

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። የት ተገኘች? በምን ዘመን? ከማን ጋር ቆማለች? እነዚህ ከሌሉ መልስ የለኝም።

ጥያቄ፦ የርኅራኄ አምላክ ናት የሚባለውስ?

መልስ፦ የዘመናችን ድረ ገጾች የሚቀባበሉት ነው። የአማልክት ሚስቶች ባሎቻቸውን ለሰው ይለምናሉ፤ በጊልጋሜሽም የፀሐይ አምላክ የሻማሽ ሚስት፣ አያ የምትባለው፣ ባሏን እንድታሳስብ ስትጠየቅ እናያለን። ያ የሚስትነት ወግ ነው፤ ለሻላ ብቻ የተሰጠ ሹመት አይደለም።

ጥያቄ፦ ኤካላቱም ስለሚባለው ከተማ አንድ ጊዜ ጠቅሰው ነበር።

መልስ፦ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው። ኤካላቱም የአሦር ከተማ ናት፤ የአዳድና የሻላ ምስሎች እዚያ ነበሩ። በአሦሩ ንጉሥ በቀዳማዊ ቴልጌልቴልፌልሶር ዘመን (መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነሣው ሌላው ነው) የባቢሎኑ ንጉሥ ማርዱክ-ናዲን-አሔ ሁለቱን ማርኮ ወሰዳቸው። ዘመናት አለፉ። በ689 ዓመተ ዓለም (ከክርስቶስ ልደት በፊት ማለቴ ነው) ሰናክሬም ባቢሎንን አፈረሰ። ያው ኢየሩሳሌምን የከበበው ሰናክሬም ነው። በባቪያን ገደል ላይ ባስቀረጸው ጽሑፍ አዳድንና ሻላን ከ418 ዓመት በኋላ ከባቢሎን አውጥቼ ወደ ቦታቸው መለስኳቸው ይላል። ደምሩት፤ ምርኮው 1107 ዓመተ ዓለም ላይ ይውላል። ዛሬ የዘመን ቆጠራ ሊቃውንት የሚጠቀሙበት ቁጥር ነው። «ትንሿ» አምላክ የአሦርንና የባቢሎንን ዘመን ለማስታረቅ ትረዳናለች።

ጥያቄ፦ ከከዋክብት ጋር ያላት ነገርስ? አያቴ ዐውደ ነገሥት ይገልጡ ነበር።

መልስ፦ ሙል-አፒን የሚባለው የባቢሎን የከዋክብት ጽሑፍ «ፈር» የተባለውን ኮከብ «ሻላ፣ የእህል ዛላ» ይለዋል። ግሪኮች እዚያው ሰማይ ላይ ዛላ የያዘች ድንግል አዩ። ዐረቦች ያንኑ ክፍል ሱንቡላ አሉት፣ ዛላ ማለት ነው። የአያትዎ መጽሐፍ ውስጥ ያለችው ሰንቡላም ይቺው ናት። ይህኛው ግንኙነት ደረጃ በደረጃ ይታያል፤ ስለ ሐይቁ የተከራከራችሁ ይህን ተመልከቱ።

ሌላ አባል፦ ታዲያ ሰንቡላ የሆነ ሰው ባሕርዩ ከሻላ ነው?

መልስ፦ ይህን አልመልስም።

ጥያቄ፦ ከሜሶጶጣሚያ ውጭ ተመልካ ታውቃለች?

መልስ፦ በኤላም፣ አዎ። ንጉሥ ኡንታሽ-ናፒሪሻ በዛሬዋ ኢራን ቾጋ ዛንቢል ላይ ባሠራው ከተማ ለአዳድና ለሻላ ቤተ መቅደስ አቁሟል። የከተማው ትልቁ ግንብ ዛሬም ቆሞ ይታያል።

ጥያቄ፦ ሻላሽና ሻላ አንድ ናቸው እንዴ?

መልስ፦ አይደሉም። ሦስተኛ ጊዜ ነው። የማኅተም ፎቶ ያላችሁ፣ የተገኘበትን ቦታ ጽፋችሁ ላኩልኝ፤ አየዋለሁ።