ቤት ውስጥ ሠርቶ ጫካ ውስጥ የሚጠፋው የአደጋ መጥሪያ

ከኮምቦልቻ በላይ ባለው የየጎፍ ደን ብቻቸውን እየዞሩ የሚጠብቁ አንድ ሠራተኛ ተከታዩን ጽፈውልኛል። አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት፣ ሲም ካርድ የሚገባበትና ቀይ ቁልፍ ያለው የአደጋ መጥሪያ ቤት ውስጥ ያለ እንከን ይሠራል፤ ቁልፉ ሲጫን ያሉበትን ቦታ በአጭር መልእክት ልኮ ለሦስት ሰዎች ይደውላል። ደኑ ውስጥ ሸለቆው ዘንድ ሲደርሱ ግን ቁልፉን በተጫኑ ቁጥር አንድ ጊዜ ተርገብግቦ ድርግም ይላል። ወደ መንገድ ወጥተው ሲያበሩት ከአራቱ የባትሪ መስመሮች ሦስቱ ይታያሉ፤ ችግሩ ጠዋት ጠዋት ይብሳል። ባትሪው ባለፈው መስከረም ጥገና ቤት ተቀይሯል። አንቴና ልግዛ ወይስ ሌላ መሣሪያ ይላሉ።

ወንድሜ፣ አንዱንም አይግዙ። የምጠረጥረው ባትሪውን ነው፤ ምክንያቱም ኔትወርክ ያጣ መሣሪያ ኔትወርክ እየፈለገ ይቆያል እንጂ አይጠፋም። መልእክት ሊልክ ሲል የሚጠፋና ትንሽ ካረፈ በኋላ ሦስት መስመር የሚያሳይ መሣሪያ ኃይል አጥሮታል። ችግሩ ተገኝቶ ሸለቆው ውስጥ እስኪፈተን ድረስ ግን በዚህ መሣሪያ ተማምነው ብቻዎን አይግቡ።

ይህን ነገር ብዙ ሰው ስለማያምነኝ ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ። ሬዲዮ አጠገብ የተቀመጠ ስልክ ሊደወልለት ሲል ድምፅ ማጉያው «ትርር ትርር» ሲል ሰምተው ያውቃሉ። ያ ድምፅ ስልኩ ኃይል የሚስብበት ምት ነው። በ2ጂ፣ ማለትም በቆየው የሞባይል ኔትወርክ ዓይነት የሚሠራ መሣሪያ ሲያስተላልፍ ያለማቋረጥ አይናገርም፤ በሴኮንድ 217 ጊዜ ያህል፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ከአንድ ሺኛ ሴኮንድ ግማሽ ጥቂት ለሚበልጥ ጊዜ ብቻ እየጮኸ ዝም ይላል። የኔትወርክ ማማው ቅርብ ሲሆን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል፤ ማማው ሲርቅ ወይም ተራራ ሲጋርደው ግን ባለ በሌለ አቅሙ ስለሚጮህ በእያንዳንዱ ምት እስከ 2 አምፔር ይስባል። እንግዲህ ያረጀ ባትሪ አንገቱ እንደጠበበ እንስራ ነው፤ ውሃው ሙሉ ሆኖ ሳለ በአንድ ጊዜ ቅዳ ሲሉት አይወርድም። የውስጥ ተቃውሞው፣ ማለትም የአንገቱ ጥበት፣ 0.1 ኦም የሆነ ጤነኛ ባትሪ 2 አምፔር ሲሳብበት የሚወርደው 0.2 ቮልት ብቻ ነው፤ ተቃውሞው 0.4 ኦም የደረሰው ግን 0.8 ቮልት ይወርዳል፤ ስለዚህ 3.9 የነበረው 3.1 ይሆናል። አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት መሣሪያዎች ከ3.4 ቮልት በታች መቆም ስለማይችሉ ይጠፋሉ። ጭነቱ ሲነሳ ቮልቱ ተመልሶ ስለሚወጣም፣ መስመሮቹ ምንም እንዳልተፈጠረ ያህል ሦስት ሆነው ይታያሉ። ብርድ ደግሞ ይህን ተቃውሞ ይጨምረዋል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከዚያ ሽቅብ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ሙቀት ስለሚቀንስ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ማለዳ የሚሸከሙት ባትሪ ማታ ቤት ውስጥ የሞከሩት ባትሪ አይደለም።

መክደኛውን በካቻቪቴ ይክፈቱና ባትሪውን አውጥተው ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ያስቀምጡት። በጣት ገፋ ሲያደርጉት እንደ እንዝርት ከዞረ ሆዱ አብጧል ማለት ነው። ያበጠ ባትሪ አይጫኑት፣ አይውጉት፣ ቻርጅ አያድርጉት፤ ደረትዎ ላይማ ፈጽሞ አያንጠልጥሉት።

ካላበጠ ሙሉ ቻርጅ አድርገው አንድ ሰዓት ያሳርፉትና ቮልቱን በመልቲሜትር ይለኩ። ከዚያ ባለ 12 ቮልት፣ 21 ዋት የመኪና ፍሬቻ አምፖል ለሦስት ሴኮንድ ያህል አገናኝተው አምፖሉ እንደተያያዘ ደግመው ይለኩ። ይህ አምፖል ከአንድ የሊትየም ባትሪ ወደ 1 አምፔር ይስባል። ልዩነቱ 0.1 አካባቢ ከሆነ ባትሪው ደህና ነው፤ 0.3 እና ከዚያ በላይ ከወረደ ይጣል። ሌሊቱን ደጅ አሳድረው ማለዳ ይህንኑ ይድገሙት፤ የጠዋቱ ቁጥር ነው የሚፈርደው።

በላኩልኝ ፎቶ ያየሁት ሌላ ነገር አሳዝኖኛል። የባትሪው ሽቦዎች የጆሮ ማዳመጫ ሽቦ ያህል ቀጭን ናቸው፤ ተጠማዘው በፕላስተር ተጠቅልለዋል እንጂ በሶልደር አልተያዙም። ከባትሪው ራስ ላይ መኖር ያለባት ትንሿ የመከላከያ ሰሌዳም ተነቅላ ወጥታለች። የሰው ሕይወት የሚጠብቅ ዕቃ እንዲህ አይጠገንም። ባትሪው ላይ 3,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ተብሎ መጻፉም ውሸት ነው። ጎኑ ላይ ያለው 503450 የሚለው ቁጥር 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 34 ወርድ፣ 50 ርዝመት ማለት ሲሆን በዚህ መጠን የሚሠራ ባትሪ 1,000 ገደማ ነው የሚይዘው። ርካሽ ባትሪ የሚሸጡት ሰዎች ቁጥሩን እንደፈለጉ ያትሙታል።

ስለዚህ በዚያው ልክ የተሠራ፣ የመከላከያ ሰሌዳውና ሽቦው አብሮት የመጣ ባትሪ ይግዙና ሱቁ ውስጥ እያሉ በአምፖሉ ይለኩት። ሶልደር የሚያደርጉት ሽቦውን እንጂ የባትሪውን ገላ አይሁን። የሲሙ ክፍል ኃይል የሚገባበት ቦታ አጠገብ 1,000 ማይክሮ ፋራድ፣ 10 ቮልት ካፓሲተር (ኃይል ለቅጽበት አጠራቅሞ የሚለቅ ትንሽ ዕቃ)፣ ነጭ መስመሩ ወደ ኔጋቲቭ ሆኖ ቢጨመር ምቱን ያለዝበዋል፤ የሞተ ባትሪ ግን አያስነሳም። ቁልፉ ሳይጫን መሣሪያው በራሱ ቦታ የሚልክበትን ጊዜም ከየ5 ደቂቃው ወደ በየ30 ደቂቃው ያራዝሙት።

መሣሪያውን በጋቢ ሥር ሳይሆን ትከሻ ላይ፣ ሰማይ እንዲያይ አድርገው ይያዙት። የጂፒኤስ ምልክት 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ከሚዞሩ ሳተላይቶች ስለሚመጣ እጅግ ደካማ ነው፤ ርጥብ ቅጠልና የሰው ገላ ያፍኑታል። ደኑ ውስጥ ከመግባትዎ በፊት ገላጣ ቦታ ላይ ጥቂት ደቂቃ ቆመው ቦታውን እንዲይዝ ያድርጉት። ከመደወል ይልቅ አጭር መልእክት በደካማ ኔትወርክም ያልፋልና አስቀድሞ መልእክት እንዲልክ ያስተካክሉት።

ከዚያ ከባልደረባ ጋር ሆነው፣ ማለዳ፣ ሸለቆው ውስጥ ቁልፉን ይጫኑ፤ ከታችኛው ጫፍ፣ ከመሃልና ከላይኛው ጫፍ። መልእክቱ የደረሰበትንና ያልደረሰበትን ቦታ በወረቀት ይመዝግቡ። ባትሪው ተስተካክሎ መሣሪያው ሳይጠፋ መልእክቱ ብቻ ካልደረሰ፣ ያ ቦታ ኔትወርክ የለውም ማለት ነውና የአንቴናው ጥያቄ የሚመጣው ያኔ ነው። እንደዚያ ባለ ቦታ የሚረዳዎት የመመለሻ ሰዓትዎን የሚያውቅና ሰዓቱ ሲያልፍ ተነሥቶ የሚፈልግዎት ሰው ነው፤ መሣሪያው ደህና ሆኖም ቢሆን ይህን ሰው አይተዉ።

የማታውንና የማለዳውን የቮልት ቁጥሮች፣ አምፖሉ ሳይያያዝና ተያይዞ፣ አራቱንም ጽፈው ይላኩልኝ። እስከዚያ ድረስ፣ ደግሜ እለምንዎታለሁ፣ ወደ ሸለቆው ብቻዎን አይውረዱ።