የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የልብ ቫልቭ ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቃቸው አረጋውያን የሚስማማ አመጋገብ

ጥያቄ፦ እናቴ 79 ዓመታቸው ነው። የልባቸው አኦርቲክ ቫልቭ (ደም ከልብ ወደ ሰውነት የሚወጣበት በር) በጣም ስለጠበበ በቅርቡ ደረታቸው ተከፍቶ በሌላ ቫልቭ እንደሚተካላቸው ሐኪማቸው ነግሮናል። ባለፉት ወራት ልብሳቸው ሁሉ እየሰፋቸው መጥቷል፤ ሚዛን ላይ ሲወጡ ግን ክብደታቸው ብዙም አልቀነሰም። ለልብ ሕመምተኛ ቀለል ያለ ምግብ ይሻላል ብለን ጨውን፣ ቅባትን፣ እንቁላልንና ሥጋን ስለከለከልናቸው አሁን የሚበሉት ቀጭን ሾርባና ፍራፍሬ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ቀዶ ሕክምናው ካለፈ በኋላ በደንብ ልንመግባቸው አስበናል። አካሄዳችን ትክክል ነው? (ሴት ልጃቸው)

መልስ፦ እህቴ፣ ያደረጋችሁት ሁሉ ለእናታችሁ ከማሰብ የመነጨ መሆኑን እረዳለሁ፤ ነገር ግን በደንብ መመገብ የሚያስፈልጋቸው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ነውና እስከዚያ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ጀምሩ።

ደረት ተከፍቶ ልብ ሲታከም ሰውነት ቁስሉን ለመጠገን፣ የተከፈተውን አጥንት ለማጋጠምና ኢንፌክሽንን ለመከላከል ብዙ ፕሮቲን ይፈልጋል፤ ይህንንም ከምግብ ሳያገኝ ሲቀር የራሱን ጡንቻ እያፈረሰ ይጠቀማል። ወጣት ከሆነ ትርፍ ጡንቻ ስላለው ይህን ኪሳራ ይችለዋል። በ79 ዓመት ዕድሜ ግን ያለው ጡንቻ ከአልጋ ለመነሳት፣ በጥልቀት ለመተንፈስና አክታን በሳል ለማውጣት የሚያስፈልገው ያህል ብቻ ሊሆን ይችላል። ምንም ሕመም የሌለባቸው አረጋውያን ለ10 ቀናት ያህል አልጋ ላይ እንዲቆዩ በተደረገበት አንድ ጥናት፣ ከእግራቸው ብቻ ወደ 1 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ሥጋ አጥተዋል። ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ታማሚ ደግሞ ከመተኛቱ በተጨማሪ ቁስልና የምግብ ፍላጎት ማጣት አለበት።

በ2018 የታተመ አንድ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ ሆኖ አኦርቲክ ቫልቫቸው የተተካላቸውን 1,158 ሰዎች ተከታትሎ ነበር። ከእነዚህ 8.7 በመቶዎቹ በምግብ እጥረት የተጎዱ፣ 32.8 በመቶዎቹ ደግሞ ለጉዳት የተጋለጡ ሆነው የተገኙ ሲሆን፣ ከተጎዱት መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ የሞቱት ሰዎች ድርሻ በሚገባ ከሚመገቡት ጋር ሲነጻጸር ሦስት እጥፍ ገደማ ነበር። ይህ ማለት ምግብ ብቻውን ሁሉንም አደጋ ያስወግዳል ማለት አይደለም። ነገር ግን የእናታችሁን ዕድሜ መለወጥ ባንችልም የሚቀርብላቸውን ምግብ መለወጥ እንችላለን፤ እኔም በዚህ ጉዳይ አጥብቄ የምናገረው ለዚህ ነው።

ልብሳቸው እየሰፋ ክብደታቸው ያልቀነሰበትን ምክንያት ለሐኪማቸው ሳትናገሩ አትለፉ። ሚዛን ውኃን ከጡንቻ አይለይም፤ ልብ ሲደክም በእግርና በሆድ ውስጥ የሚጠራቀመው ውኃ የጠፋውን ጡንቻ በክብደት ይተካና መክሳቱን ይሸፍነዋል። ይኸው ውኃ የአንጀትንም ግድግዳ ስለሚያሳብጥ ጥቂት ጎርሰው ጠገብኩ እንዲሉ ያደርጋቸዋል። እግራቸው ካላበጠ የባታቸውን ዙሪያ በሜትር ለኩት፤ ከ31 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ጡንቻቸው መመናመኑን የሚጠቁም ምልክት ነው። በደም ምርመራ አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን መጠን አነሰ ሲባል ደግሞ ወዲያው ከምግብ ጋር ብቻ አታያይዙት፤ በሰውነት ውስጥ ብግነት ሲኖርም ይቀንሳል።

መጠኑን በተመለከተ፣ በዚህ ሁኔታ ላለ አረጋዊ በአብዛኛው የሚመከረው ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት በቀን ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ነው። እናታችሁ 55 ኪሎ ግራም ቢሆኑ በቀን ከ66 እስከ 82 ግራም ይሆናል። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ኩባያ ወተት 8 ግራም፣ 100 ግራም የበሰለ ዶሮ ወይም ዓሣ 25 ግራም ያህል ፕሮቲን ስለሚይዙ፣ በሾርባና በፍራፍሬ ብቻ እዚህ መጠን ላይ መድረስ እንደማይቻል ለማየት ብዙ ስሌት አያስፈልግም። ቀጭን ሾርባ ሆድን ይሞላል እንጂ ሰውነትን አይገነባም። ሾርባውን ካልተዉት ግን የተፈጨ ምስር፣ እንቁላል፣ የወተት ዱቄትና ዘይት ጨምሩበት፤ ማዕዱንም በቀን ሦስት ጊዜ ከማድረግ አምስትና ስድስት ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ አቅርቡ። የኩላሊት ሕመም ወይም የስኳር በሽታ ካለባቸው መጠኑን ሐኪሙ ወይም የሥነ ምግብ ባለሙያ ያስተካክለው።

ጨውን መቀነስ ተገቢ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በቀን ከ5 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። ሆኖም ምግቡ ጣዕም አጥቶ ሳይበላ የሚመለስ ከሆነ ጉዳቱ ያመዝናል። ቅባትንና እንቁላልን መከልከል ደግሞ የደም ሥርን ለብዙ ዓመታት ለመጠበቅ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው፤ እናታችሁን አሁን የሚያሰጋቸው በሚቀጥሉት ሳምንታት የሚደርስባቸው ድካም ነው።

የምግብ እጥረቱ ከባድ ሆኖ ከተገኘና የልባቸው ሁኔታ ከፈቀደ፣ ሐኪሞቹ ቀዶ ሕክምናውን ከ7 እስከ 14 ቀናት አዘግይተው ሰውነታቸው እንዲጠናከር ሊያደርጉ ይችላሉ። በጣም የጠበበ ቫልቭ አንዳንድ ጊዜ ይህን ያህል ጊዜ ስለማይሰጥ ውሳኔው የእነሱ ነው፤ እናንተ ግን ጥያቄውን አንሱ። ለረጅም ጊዜ እምብዛም ሳይበላ የቆየ ሰው በድንገት ብዙ ሲመገብ በደሙ ውስጥ ያሉት ፎስፌትና ፖታሲየም በአደገኛ ሁኔታ ሊያሽቆለቁሉ ስለሚችሉ፣ ጭማሪው ቀስ በቀስና በደም ምርመራ ክትትል ይሁን። ጥርሳቸውንም አስመርምሩ፤ የታመመ ጥርስ ማኘክን ከመከልከሉም በላይ ከአፍ ወደ ደም የሚገባ ባክቴሪያ አዲሱን ቫልቭ ሊያጠቃ ይችላል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ምግብ ቢያስጠላቸው ወይም ጣዕሙ ቢለወጥባቸው አትደናገጡ። ሲጠጡ ትን የሚላቸው ወይም ድምፃቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ውኃ እንዳለ ሆኖ የሚሰማ ከሆነ ግን ምግብ ከመስጠታችሁ በፊት ለነርሷ ንገሩ፤ ለመተንፈሻ የገባው ቱቦ ከወጣ በኋላ መዋጥ ለጊዜው ሊቸግር ይችላል። ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች ሆድ ስለሚያደርቁ አሰር ያለው ምግብና ሐኪሙ የፈቀደው ፈሳሽ ያስፈልጋቸዋል። የደረት አጥንት ለመጋጠም ከ6 እስከ 8 ሳምንታት ስለሚፈልግ፣ ፕሮቲኑ ሆስፒታል በቆዩበት ጊዜ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። ቤት ከገቡ በኋላ በየማለዳው ክብደታቸውን መዝግቡ፤ በ3 ቀናት ውስጥ 2 ኪሎ ግራም ከጨመሩ ይህ ሥጋ ሳይሆን ውኃ ነውና ወዲያው ለሐኪማቸው አሳውቁ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 66 ነው። ከሁለት ወር በፊት ሚትራል የተባለው የልቤ ቫልቭ በብረት ቫልቭ ተተክቶልኝ ዋርፋሪን የተባለውን የደም መርጋት መከላከያ እወስዳለሁ። አረንጓዴ ቅጠል መድኃኒቱን ያበላሻል ስለተባልኩ ጎመንና ሰላጣ ጨርሶ ትቻለሁ። የደም ምርመራዬ ግን ከፍ ዝቅ ማለቱን አላቆመም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቅጠሉን መተው አልነበረብዎትም። ዋርፋሪን የሚሠራው ቫይታሚን ኬ ደምን ለማርጋት የሚያደርገውን አስተዋጽኦ በመገደብ ነው፤ መጠኑም የሚወሰነው እርስዎ ዘወትር የሚበሉትን መሠረት አድርጎ ነው። ስለዚህ ሚዛኑን የሚያናጋው ቅጠል መብላትዎ ሳይሆን አንድ ሳምንት በብዛት በልቶ በሚቀጥለው ጨርሶ መተው ነው። እንዲያውም ቫይታሚን ኬ እምብዛም የማያገኝ ሰው በትንሽ ለውጥ ብቻ ውጤቱ ሊዋዥቅ ይችላል። ቅጠሉን በመጠኑ፣ በየሳምንቱ በተመሳሳይ ልክ ይመልሱት፤ ከመመለስዎ በፊት ግን የአይኤንአር ምርመራው (ደምዎ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ደም የሚረጋው ዘግይቶ ነው) በቅርብ እንዲደገምልዎ ለክሊኒኩ ይንገሩ። በሚትራል ቦታ ላለ የብረት ቫልቭ ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው 3.0 አካባቢ ነው።

የምግብ ፍላጎትዎ ጠፍቶ ጥቂት ቀናት ካልበሉ ወይም ተቅማጥ ከያዘዎት አይኤንአር ከፍ ብሎ ለመድማት ሊያጋልጥዎ ይችላል። በተቃራኒው፣ ለማገገሚያ የሚሰጡ ብዙ የተዘጋጁ የምግብ መጠጦች ቫይታሚን ኬ ስላለባቸው ሊያወርዱት ይችላሉ። የዕፅዋት መድኃኒትም ሆነ ቫይታሚን ሳይጠይቁ አይጀምሩ። መድኃኒቱን ግን በራስዎ ውሳኔ በፍጹም አያቋርጡ፤ በብረት ቫልቭ ላይ የሚረጋ ደም ሕይወት ያሳጣል።

ጥያቄ፦ የ84 ዓመት አባቴ ደረታቸው ሳይከፈት፣ በብሽሽታቸው በኩል በካቴተር (በደም ሥር ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ቫልቭ ገብቶላቸው ከሦስት ቀን በኋላ ቤት ገብተዋል። ቁስላቸው ትንሽ ስለሆነ የተለየ አመጋገብ ያስፈልጋቸዋል?

መልስ፦ ያስፈልጋቸዋል። ይህ ሕክምና በ2002 በፈረንሳዊው ሐኪም አለን ክሪቢዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ከተሠራ ወዲህ ደረታቸውን ማስከፈት የሚከብዳቸውን ብዙ አረጋውያን ጠቅሟል። ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም ግን አባትዎ ወደ ሕክምናው ሲገቡ የነበራቸው ድካም አብሯቸው ቤት ገብቷል፤ ከላይ በጠቀስኩት ጥናት ከተካተቱት 1,158 ሰዎች ውስጥም 727ቱ ቫልቭ የተተካላቸው በካቴተር ነበር። ለመጀመሪያዋ ጠያቂ የሰጠሁት የፕሮቲን ልክ ለእርሳቸውም ያገለግላል። ልዩነቱ የሚጋጠም የደረት አጥንት ስለሌለባቸው ቶሎ መንቀሳቀስ መቻላቸው ነው፤ ሐኪማቸው በፈቀደው ልክ ከወንበር መነሳትና መቀመጥን በቀን ደጋግመው ይለማመዱ፤ ጡንቻ የበሉትን ፕሮቲን በሚገባ የሚጠቀመው ሲሠራ ነውና። ብቻቸውን የሚበሉ ከሆነም ቢቻል በቀን አንድ ጊዜ አብራችኋቸው ተመገቡ፤ ምን ያህል እንደጎረሱና ምን እንዳስቸገራቸው በቅርብ የምታዩት ያን ጊዜ ነው።